የአባቴና የባሌ የጥሩንባ ክርክር

ባሌ ጥሩንባዎቹን ወደ ቤት ባመጣበት ቅዳሜ፣ አባቴ በስፖንሰር ቶሮንቶ ከገባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የተነጋገሩት ቢሰበሰብ ለአንድ ምሳ ጨዋታ አይበቃም። ጠዋት ጠዋት ባሌ "እንደምን አደሩ?" ይላል። አባቴ "ይመስገን" ይላል። "ዛሬ ብርድ ነው።" "አዎ፣ ብርድ ነው።" ከዚያ ባሌ ካፖርቱን ደርቦ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለው ዌርሀውስ ይሄዳል። እኔ ስልክ እያነሳሁ ቀጠሮ ወደምይዝበት የጥርስ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። አባቴ ስካርቦሮ ባለው አፓርታማችን መስኮት ሥር ወንበሩን አስጠግቶ ፓርኪንጉን ሲያይ ይውላል።

ጠብ አልነበራቸውም። ባሌ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነበር፤ ታላቁን ሰው "እርስዎ" ካላለ ምግብ የማይወርድለት። እኛ ድሬዎች ደግሞ ትንሹንም ትልቁንም አንተ ነው የምንለው። እኔ አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግሁት። እሱ "እርስዎ" በተባለ ቁጥር ዳኛ ፊት የቆመ ይመስል ቀጥ ይል ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት መጥቶ "ይሄ ባልሽ ይጠላኛል እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ አክብሮህ ነው አባባ!"

"ክብሩን ይተውልኝና ያጫውተኝ" ብሎ ተመለሰ።

ባሌ ድምፅ ይወድ ነበር። ዘፈን ወይም መዝሙር ማለቴ አይደለም፤ ድምፅ ራሱን። እሑድ እሑድ በምንሄድበት የአማርኛ ቸርች ከኋላ ተቀምጦ የድምፅ ሚክሰሩን የሚያስተካክለው እሱ ነበር። ስብከቱን "እንዴት ነበር?" ስለው "የድምፁ መሐል ትንሽ ጎልቶ ነበር" ብሎ ይመልስልኛል። ኤግሊንተን ዌስት ላይ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጡ አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በየአዳራሹ እየዞሩ ለዳንስ ሙዚቃ የሚያጫውቱ የነበሩ። እኚያ ሰው ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሉ፣ ጓዳ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ትልልቅ ባለ ጥሩንባ ስፒከሮች "አንተ ትወዳቸዋለህ፤ ውሰዳቸው" አሉት። እሱም ከቸርች ቫን ተውሶ አመጣቸው።

ኤለቬተሩ በር ላይ ሳያቸው ክው አልኩ። ከጥቁር እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ቁመታቸው ደረቴ ይደርሳል፤ አፋቸው የሕፃን አልጋ ያህል ይሰፋል። "ይሄ የት ሊገባ ነው?" አልኩት። ቀኑን ሙሉ የጥርስ መሰርሰሪያ ሲጮህብኝ የምውል ሰው ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ የምፈልገው ጸጥታ ነው። እሱ ግን ላቡን እየጠረገ ይስቃል። "አንዴ ስሚያቸው ብቻ። ካልወደድሻቸው አወጣቸዋለሁ።"

ሊቪንግ ሩሙ ውስጥ ጎን ለጎን ሲያቆማቸው አባቴ ከመስኮቱ ተነሣ። አንዱን ዞረው። ጎኑን በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ወደ ጥሩንባው ጉሮሮ ከተተና በውስጡ የሆነ ነገር ዳሰሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ይሄን ከየት አገኘኸው?" አለ።

ባሌን የጠየቀው የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ነው። ፊልሙን ያዞር ነበር፤ ማሽኑ ሲበላሽ ይጠግናል፤ ከነጩ መጋረጃ ጀርባ የቆሙትን እንደነዚህ ያሉ ጥሩንባዎችም የሚፈታውና የሚገጥመው እሱ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ለባሌ ነግሬዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ አልነገርኩትም።

"እዚህ ቤት ውስጥ ልታስጮኸው ነው?" አለ አባቴ።

"ልሰማበት ነው፣ አባባ።"

"አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም?"

አባቴ ወንበሩን ጎትቶ ከጥሩንባዎቹ ፊት ተቀመጠ። "ጥሩንባ ለአዳራሽ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ባንድ አፍ፣ ቀጭኑ በሌላ አፍ ነው የሚወጣው። አየር ላይ ተዋሕዶ አንድ እስኪሆን መንገድ ይፈልጋል። እዚህ አፍንጫው ሥር ከተቀመጥክ ሥጋው ለብቻ፣ መረቁ ለብቻ ነው የሚደርስህ።"

"እሱ ሲጮህ ነው። እኔ ላስጮኸው አይደለም። ተራው ስፒከር ድምፁን ሲቀንሱት ይተኛል። ቃሉ ይጠፋል። ይሄ ግን ተቀንሶም አይተኛም። ሰው በሹክሹክታ ቢናገር ከንፈሩ ሲላቀቅ ይሰማል።"

"የሰውን ድምፅ በአፍንጫ ያደርገዋል እኮ! እጁን አፉ ላይ አድርጎ የሚጣራ ሰው ሰምተህ አታውቅም?"

"ሰምቻለሁ። ከሩቅም ቢሆን ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።"

"እኛ ሰፈር ጥሩንባ የሚነፋው የእድር ሰው ሲሞት ነው" አለ አባቴ፣ እና ሁለቱም ሳቁ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ላይ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩንባዎቹን ከቤቴ የማስወጣቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የክርክር ቀን ሆነ። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ ዌርሀውስ ውስጥ ሣጥን እየደረደረ መልስ ሲያዘጋጅ ይከርማል፤ አባቴ መስኮቱ ሥር ሆኖ ጥያቄ ያዘጋጃል። ቁርስ ሳይነሣ ይጀምራሉ። አባቴ ከጥሩንባ ጋር የሚመጣጠን ወፍራም ድምፅ ቤት ውስጥ አይገኝም ይላል፤ ባሌ መንደሩን ለማናወጥ ካልፈለጉ ምን ያደርግልዎታል ይላል። ባሌ ጥሩንባ ትንሽ ኃይል ወስዶ ብዙ ይሰጣል ይላል፤ አባቴ አህያም እንደዚያው ናት፣ ሳሎን ግን አትገባም ይላል። እኔ በመሐል ጎመን እየቀነጠስኩ እስቃለሁ። ልጅ አልወለድንም ነበር። ቤታችን እንደዚያ የሚንጫጫ ቤት ይሆናል ብዬ ተስፋ ካደረግሁ ቆይቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ በፈተና ይለይ ተባለ። ባሌ የቆዩትን ተራ ስፒከሮች ከጥሩንባዎቹ አጠገብ አቆመና፣ ሁሉንም እንዳይታዩ ከጣሪያ እስከ ወለል በአንሶላ ጋረዳቸው። ድምፁን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዞረዋን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። አባቴ "ዘፈን አያታልለኝም፤ የማውቀውን ሰው ድምፅ አምጣልኝ" ብሎ ስለ ነበር፣ ባሌ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የራሱን ድምፅ ቀርጿል። ያነበበው በየሳምንቱ በር ላይ የሚጣለውን የግሮሰሪ ማስታወቂያ ነው፤ ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፁን አወፍሮ።

"እነሆ የዛሬው ዋና ዋና ዜና" ይላል በቅጂው ላይ። "ድንች በከረጢት። ቀይ ሽንኩርት፣ መረቡ ውስጥ ያለው። የዶሮ ቅልጥም፣ አጥንቱ ያልወጣለት።" ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ይሰማል። ከዚያ ያቆምና "እህስ፣ አባባ፤ የቱ ጋ ነኝ?" ይላል።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። እኔ ቁልፏን አዞራለሁ፣ እንደገና አዞራለሁ። በመጨረሻ እጁን ዘረጋና በአንሶላው በኩል ጠቆመ። "እዚህ ጋ ነው። ይሄኛው ነው ሰውየው። ያኛው ፎቶው ነው።"

ባሌ አንሶላውን ጎትቶ ጣለው። የአባቴ ጣት የጠቆመው ጥሩንባውን ነበር።

አባቴ የወደቀውን አንሶላ አንሥቶ እያገላበጠ "አንሶላው ነው ያጣመመው" አለ።

"አንተ አባባ፣ ታጭበረብራለህ!" ብሎ ባሌ ጮኸ። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ደንግጦ እጁን አፉ ላይ አደረገ። "ይቅርታ፣ እርስዎን ማለቴ..." ማለት ጀመረ። አባቴ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ አንገቱን አቅፎ ይስመው ጀመር። "ተው አትመልሳት! ገና ዛሬ አንተ አልከኝ። በል ድገማት!"

ቀጥሎ የመሰንቆ ቅጂ ተሰማና፣ ባሌ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ተራውን ስፒከር መረጠ። ሁለቱም ተሸነፉ፤ ማናቸውም አላመኑም። ባሌ በአባቱ እጅ ያላደገ ሰው ነው፤ አባቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ ነበር። አባቴም ወንድ ልጅ አልነበረውም። ያን ቀን ምሳ ላይ አንዱ ለሌላው ሲያጎርስ አይቼ ሳህን የማነሣ መስዬ ዞር አልኩ።

የአባቴ መርሳት ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ የታዘብኩት በዚያው ክርክር ላይ ነው። ጠዋት የሥጋውንና የመረቁን ነገር ተናግሮ፣ ባሌ መልሶለት፣ ተሳስቀው፣ ምሳ በልተን ቡና ልናፈላ ስንል "ግን ልንገርህ" አለ አባቴ። "ጥሩንባ እኮ መንገድ ይፈልጋል። በቅርብ ከሰማኸው ሥጋው ለብቻ፣ መረቁ ለብቻ ነው የሚደርስህ።" ልክ አሁን እንደ መጣለት ዓይኑ ያበራል።

ባሌን አየሁት። አልገረመውም። ወደ አባቴ ዞሮ "እሱ ሲጮህ ነው፣ አባባ" ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ቃል በቃል፣ እንደ አዲስ።

በኋላ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሟ የመርሳት በሽታ መሆኑን ለእኛ በእንግሊዝኛ ስትነግረን አባቴ ጫማውን እያየ ተቀምጦ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ባሌ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ጉልበቴን ያዘኝ።

"ሁልጊዜ ያንኑ እየደጋገመ ሲጠይቅህ አይሰለችህም?" አልኩት።

"አይሰለቸኝም። አንዳንዴ ሲደግመው የተሻለ መልስ ይመጣልኛል" አለ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ሲቆይ ግን እውነቱን እንደ ሆነ አየሁ። ያንኑ ክርክር በአዲስ መልክ ያመጣዋል፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ ይሸነፍለታል። ጎረቤት የሚሰማን ቢሆን ሁለት ሰዎች በየቀኑ ያንኑ ነገር ሲነጋገሩ ምን ይለን ይሆን እል ነበር። ለእኔ ግን በሕይወቴ ከሁሉ የተሻለው ዘመን ያ ነው።

በረዶ በጣለ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ የዌርሀውሱ ሱፐርቫይዘር ጥርስ ሐኪም ቤቱ ድረስ ኮል አደረገልኝ። ባልሽ ወድቋል፤ አምቡላንስ ወስዶታል አለኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደ ሆነ ሁለቴ ጠየቅሁት፤ ሁለቴም ነገረኝ፤ ስልኩን ስዘጋው ጠፋብኝና መልሼ ደወልኩ። ስደርስ አንዲት ነርስ እጄን ይዛ ትንሽ ክፍል አስገባችኝ። ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን ተቀምጧል፤ ሌላ ምንም የለም። ያንን ካርቶን ሳይ ገባኝ። ሐኪሙ ገብቶ እስኪቀመጥ እንኳ አልጠበቅሁም። ልቡ ነው አሉ። አንድም ቀን ልቤን ብሎ የማያውቅ ሰው።

የቸርች ሰዎች ቤታችንን ሞሉት። ወንበር ይዘው መጡ፤ ምግብ ይዘው መጡ፤ ቦታ እንዲሰፋ ጥሩንባዎቹን ወደ ጥግ ገፏቸውና ካፖርታቸውን ደራረቡባቸው። አባቴ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ልጁ እንደ ሞተበት ሰው አለቀሰ። "ልጄን! ልጄን!" ይላል። ያጽናኑት የነበሩት ሰዎች አማቹ መሆኑን እንኳ የረሱ ይመስለኛል።

ከቀብሩ በኋላ፣ እንግዳው ሁሉ ሄዶ በጸጥታ በነጋው የመጀመሪያው ጠዋት፣ አባቴ ታጥቦ፣ ለብሶ ወጣና ጥጉ ውስጥ ወደ ቆሙት ጥሩንባዎች ወንበሩን አዞረ።

"ያ ልጅ ገና አልተነሣም?"

መጀመሪያ ያልሰማሁ መሰልኩ። ደገመልኝ። አጠገቡ ተንበርክኬ "አባባ፣ ሞቷል እኮ። ቀበርነው። አንተም ነበርክ" አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ተናደ። "መቼ? ማን ነገረኝ? እኔ ሳልሰማ ቀበራችሁት?" እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። እጆቹን ይዤ አብሬው አለቀስኩ። በማግሥቱም ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ እንደ አዲስ ሰማ፤ እንደ አዲስ አለቀሰ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። እኔ ባሌ የሞተብኝ አንድ ጊዜ ነው። አባቴን ግን በየጠዋቱ መርዶ የማረዳው እኔ ሆንኩ፤ መርዶ ነጋሪ ሆኖ መንቃት እንዴት እንደ ሆነ ለማንም አልመኝም።

ከዚያ አንድ ጠዋት "ያ ልጅስ?" ሲለኝ "ሥራ ሄዷል" አልኩት።

"በዚህ በረዶ?" አለና ሻዩን ጠጣ። "ሲመጣ ንገሪው፤ መልስ አግኝቼለታለሁ።"

የባሌ ታላቅ እህት ሬክስዴል ነው የምትኖረው። ያሳደገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። መኪና አትነዳም፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በባስ አቋርጣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ልታይ ትመጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ አባቴ ከክፍሉ ወጣና ሰላም ካላት በኋላ "ያ ልጅ ዛሬም ሺፍት ገባ?" አለኝ።

"አዎ አባባ፣ ሥራ ነው።"

እህቱ ወጥ ቤት ተከትላኝ መጣች። በሩን ዘጋችው። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም ነበር።

"ወንድሜን ነው ሥራ ሄዷል ያልሽው?"

"ምን ልበል ታዲያ? በየቀኑ ነው የሚጠይቀኝ። በነገርኩት ቁጥር እኮ እንደ አዲስ ነው የሚሰማው።"

"እሱ ቢያለቅስለት ምን አለበት? ወንድሜ የሚለቀስለት ሰው አይደለም? ልጅ እንኳ አልተወልኝም። የሚያስታውሰው ማን ነው? አንቺ ዛሬ ሥራ ሄዷል አልሽ፤ ነገ ደግሞ ያልነበረ ሰው ታደርጊዋለሽ።"

"እኔ?" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ። "እኔ ያልነበረ ላደርገው?"

"አላውቅም። እኔ እንደዚያ ሲባል መስማት አልችልም።" ቦርሳዋን አንሥታ ለአባቴ "ደህና ይዋሉ አባባ" ብላ ወጣች። ባሱን ስትጠብቅ በመስኮት አየኋት። ነፋሱ ነጠላዋን ያራግበዋል። ሮጬ ወርጄ ልመልሳት አሰብኩ፤ ግን ምን እላታለሁ? ልክ ነበረች። እኔም ልክ ነበርኩ።

ለብዙ ሳምንት አልመጣችም። ደውዬ አጫውታታለሁ፤ "ደህና ነኝ" ብላ ትዘጋለች። በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ አንድ ቅዳሜ ሳትደውል መጣች። ዳቦ ጋግራ ይዛ ነበር። ስለዚያ ቀን አንዳችንም አላነሣንም።

አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ሰላም አጥቶ ነበር። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ የጥሩንባዎቹን አፍ በእጁ ይጠርጋል። "ክፈቺልኝ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ይሄን ነዋ። ሲመጣ ልከራከረው እኮ ነው። ሳልሰማ እንዴት እከራከራለሁ?"

ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም ከፍቷቸው አያውቅም። አምፕሊፋየሩን እንዴት እንደሚከፍት ስንቴ አይቼዋለሁ። ሬዲዮ የሚመጣ መስሎኝ ነው አንዱን ቁልፍ የተጫንኩት። ከኋላ የተሰካችውን ፍላሽ ልብ አላልኳትም።

"እነሆ የዛሬው ዋና ዋና ዜና።"

ባሌ ቤቱ ውስጥ ቆመ። ሌላ እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱ በተወው ልክ። ግን ምላሱ ከላንቃው ሲላቀቅ ይሰማል፤ ከቃሉ በፊት የሳበው ትንፋሽ ይሰማል። ድንች በከረጢት አለ። ቀይ ሽንኩርት አለ። እህቱ ከሶፋው ላይ ሸርተት ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። እኔ ልዝጋው እልና እጄ አልታዘዝ አለኝ። የዶሮ ቅልጥሙ ጋ ደርሶ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ሰማሁት።

"እህስ፣ አባባ፤ የቱ ጋ ነኝ?"

አባቴ ወደ ጥሩንባው ጎንበስ ብሎ ነበር። "እዚህ ነህ እንዴ?" አለው። "ጠፋህ እኮ፣ ልጄ!"

ቅጂው አልቆ የስፒከሩ ቀጭን ሽውታ ብቻ ቀረ። አባቴ ያንን ዝምታ እንደ ጆሮ መስጠት ቆጠረው። "ስማኝማ" አለ። "አስቤበታለሁ። ለዘፈን የእኔው ይሻላል፤ እሱን አልለቅም። ለሰው ግን ያንተ ነው። ለሰው ድምፅ ጥሩንባ ይሁን። ረታኸኝ።" እጁን ጥሩንባው አፍ ውስጥ አስገብቶ፣ የሰው ትከሻ እንደሚመቱ፣ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው።

አምፕሊፋየሩን ዘጋሁት። አባቴ ወደ ባሌ እህት ዞረ። ምንጣፉ ላይ መቀመጧ የገረመውም አይመስልም።

"አየሽው? መጣ አይደል?"

እህቱ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። እኔን አላየችኝም። እሱን እያየች "አዎ፣ አባባ" አለች። "መጥቶ ነበር።"

"አሁን የት ሄደ?"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። "ሥራ ነው የሄደው" አለች በመጨረሻ። "ሥራ ገብቷል። ይመለሳል።"

ከዚያ በኋላ ቅጂውን ከፍቼው አላውቅም። ፍላሿን ነቅዬ አስቀምጫታለሁ። ባሌና አባቴ ስለ ጥሩንባ ከተናገሩት ነገር ሁሉ እኔ ያረጋገጥኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ሰውን ቤት ውስጥ ያቆመዋል። ይህ ለቤት ይሆናል ለማለት በቂ ይሁን አይሁን አላውቅም። አንዳንድ ቤት ይህን መሸከም አይችልም።

የባሌ እህት ግን በየቅዳሜው መምጣት ጀመረች። አባቴ ሲጠይቅ አንዴ እኔ፣ አንዴ እሷ እንመልሳለን። ከጊዜ በኋላ ክርክሩንም ያዘችለት። ስለ ስፒከር የምታውቀው ነገር የለም፤ "ወንድሜ እኮ ዝግ ሲልም አይተኛም ብሏል" ትለዋለች፤ አባቴ "እሱማ ሲጮህ ነው እኔ ያልኩት" ይላል፤ ቦታ ተለዋውጠውም አያውቁትም። ረታኸኝ ማለቱን በማግሥቱ ረስቶታል። እኛም አላስታወስነውም።

ባለፈው መከር አባቴን ብቻውን መተው የማይቻል ሆነ። ምድጃ ከፍቶ ይረሳል፤ አንድ ቀን በካልሲ ብቻ ወጥቶ ባስ ፌርማታው ላይ አገኙት። ሥራዬን ልተው አልቻልኩም። እዚያው ስካርቦሮ ውስጥ ያለ የአረጋውያን ቤት ገባ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ፓርኪንግ ነው የሚያየው፤ ሠራተኞቹ ይወዱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና የባሌ እህት እንሄዳለን። ገና በር ላይ ሳንደርስ "ያ ልጅስ?" ይለናል። "ሥራ ነው" እንለዋለን። ተቀምጠን ፀጉሩን እናበጥራለን፤ ጥፍሩን እንቆርጣለን።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ስንገባ ፈገግ አለልንና ዝም አለ። ካፖርታችንን አወለቅን፤ ተቀመጥን። ብርቱካን ላጥኩለት። ጥያቄውን እየጠበቅሁ ነበር፤ መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቷል። አልመጣም። እህቱ አየችኝ።

"አባባ" አልኩት። "ያ ልጅ ሰላም ብሎሃል።"

"የትኛው ልጅ?"

"ባሌ ነዋ። በጥሩንባ የምትከራከሩት።"

ብርቱካኑን እያኘከ በጨዋነት አሰበልኝ። እንግዳ ሰውን ላለማስቀየም የሚሞክር ሰው እንደሚያስብ። "አላወቅሁትም" አለ። "ደግ ልጅ ነው?"

"በጣም ደግ ነው" አለች እህቱ።

"ደስ ይላል" አለና ሌላ ክፋይ እንድሰጠው እጁን ዘረጋ።

ወጥተን መኪናው ውስጥ ገባን። ቁልፉን አስገብቼ ሳላስነሣው ተቀመጥኩ። እህቱ ቀበቶዋን ልታስር ስትሞክር አቃታት፤ ትታው እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "አለቀ" አለች። "አሁን የሚጠይቅልን ሰው የለም።" ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። በቀብሩ ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ያኔ የሚያዩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ገና የማሳልፈውም ብዙ ነበር። በጎናችን ሰዎች መኪናቸውን ያቆማሉ፤ አበባ ይዘው፣ ሕፃን አዝለው ይገባሉ። አንዲት ሴት መስኮታችን ጋ ቆም ብላ ሁኔታችንን አየችና ቀስ ብላ አለፈች።

ሲወጣልን፣ ሶፍት ፈልጋ አጥታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ባስ አትጠብቂ ብዬ እስከ ሬክስዴል ድረስ አደረስኳት። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ልጅ ሆኖ እንዴት ያለ እንደ ነበር አወራችልኝ፤ ከጎረቤት የተጣለ ሬዲዮ አምጥቶ ሲፈታ፣ እናታቸው ሲቆጡት፤ ሰምቼው የማላውቀው ብዙ ነገር ነበራት። ቤቷ ስንደርስም አልወረደችም። ሞተሩን አጥፍቼ ሰማኋት።